ማስተካከያ፦ የቶሳዎቹ ኦርኪዶች ሁለት ዝርያ አይደሉም

ባለፈው ቶሳ ተራራ ላይ ያነሳኋቸውን የዱር ኦርኪዶች "ሁለት የተለያየ ዝርያ ናቸው" ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ፣ አውፍ በሉኝ። አንዱ ድንጋይ መሀል የበቀለ ስንዝር የማይሞላ፣ ሌላው ረግረጉ ዳር እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ስለነበር ነው የተሸወድኩት። እሁድ ተመልሼ አበባውን ጠጋ ብዬ ሳየው ወላሂ ሁለቱም ከጀርባቸው ሁለት ሁለት ቀጫጭን ጭራ አላቸው፣ ይሄ ሳቲሪየም የሚባለው የኦርኪድ ወገን ምልክት ነው (ሀበናሪያ የሚባለው ሌላው የኦርኪድ ወገን ቢሆን ጭራው አንድ ነበር)፣ የጭራው ርዝመትም የአበባው ቅርፅም ምኑም አይለይም። ቁመት እንደሁ በውሃው በአፈሩ በጥላው ይለዋወጣል። አንዱ ትንሽ ደመቅ ማለቱ ግን ከዘር ሊሆን ይችላል፣ አንድ የኦርኪድ ፍሬ ውስጥ እንደ ዱቄት የደቀቀ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዘር አለ፣ እህትማማቾቹም አንድ አይነት አይወጡም። ፎቶውን የወሰዳችሁ ስሙን አስተካክሉልኝ።