የሚጠበቀው ቆዳው ነው

ለአፍንጫ ቅርጽ ማሳመሪያ ውስጡ የገባው ሲሊኮን (ላስቲክ መሰል ሰው ሠራሽ ነገር) አመርቅዞ የወጣለት ሰው ለማስተካከያው ቀዶ ጥገና «አንድ ዓመት ይታገሥ» የሚለውን ጽሑፍ እዚህ ደሴ ሆኜ አነበብኩት። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ምክንያቱ ሳይነገር ቁጥሩ ብቻ መሰጠቱ ግን አልተመቸኝም።

ባክቴሪያ ሲሊኮኑ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ስለሚደበቅ አንቲባዮቲክ ብቻውን ብዙ ጊዜ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ሲሊኮኑ ይወጣል። ከዚያ እብጠቱ እስኪጠፋና ጠባሳው እስኪለሰልስ ብዙ ሐኪሞች ከ6 እስከ 12 ወር ይጠብቃሉ። ነገር ግን በዚሁ ጊዜ ጠባሳው እየተኮማተረ አፍንጫውን ሊያሳጥረውና ጫፉን ወደ ላይ ሊስበው ይችላል። በዚህ ስጋት የተነሣ፣ ቁስሉ በደንብ ከጸዳ፣ ከታካሚው ከራሱ ጎድን ወይም ጆሮ በተወሰደ ልም አጥንት ቀደም ብለው የሚጠግኑም አሉ። ጸሐፊው ይህንን ለምን ዘለሉት?

በውጭ አገር አፍንጫዋን በሲሊኮን ተሠርታ የመጣች የእህቴ ልጅ እንዲህ ዓይነት ችግር ገጥሟታል። ከሐኪሙ ይልቅ ያጣደፏት ቡና የሚጠሯት ጎረቤቶች ናቸው (ወሎ ውስጥ የመልክ ነገር ሲነሣ ማን ዝም ይላል!)። እኔ የምላት ወር ከመቁጠር ይልቅ ሐኪሙን እንድትጠይቅ ነው፤ ቆዳው ለስልሷል ወይ? መቅላቱስ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል? የሚተካውስ ምንድን ነው? እንደገና ሲሊኮን የሚላት ካለ፣ ሌላ ሐኪም ሳታማክር እሺ እንዳትል።