ባሕር ለማየት ወደ ኋላ

ኧረ ስንቱን ልቻል! እናቴን አራት ቀን ጅቡቲ ወስጄ ባሕር ላሳያት ስንት ወር አጠራቀምኩ። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ድንበር፣ ጋላፊ የሚያደርሰው አስፋልት ደጃችን ነው፤ ከባድ መኪናው ይመላለስበታል። አስጎብኚው ግን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ፣ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ብረሩ አለን። እሺ አልን። ፕሮግራሙን ሲልክልኝ ደሜ ፈላ፦ በአንድ ቀን አሳል ሐይቅ፣ ታጁራና ሙሻ ደሴት! ያውም በነሐሴ! አሳል እኮ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ እቶን ነው። እናቴ የደሴውን የጦሳ ተራራ ብርድ የለመደች አሮጊት ናት፤ ማረፊያ እንኳ አላሰበላትም። እሷ የምትመኘው ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እግሯን ማዕበሉ ውስጥ መንከር ነው። ለዚህ አንድ ሙሉ ጠዋት ይነፈጋታል?