ጠብታ ስላልታየ ብቻ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) አይፈታም

«የራዲያተሩ ውኃ እየቀነሰ ከመኪናው ሥር ጠብታ ከሌለ፣ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል» ላልከው፦ የግድ አይደለም ወንድሜ። ከተሰነጠቀ ማኒኮቶ (የውኃ ጎማ ቱቦ) ወይም ከውኃ ፓምፑ በጥቂቱ የሚወጣው ፈሳሽ በጋለ ሞተር ላይ መሬት ሳይደርስ ይተናል፤ የሚተርፈው የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ምልክት ነው። ግፊት መያዝ ያቃተው አሮጌ የራዲያተር ክዳንም ያው ነው፣ ውኃውን ያለ ጠብታ ያስቀንሳል (ርካሽ ስለሆነ መሰለኝ ማንም አይጠረጥረውም)። የማሞቂያው ራዲያተር ደግሞ የሚያፈሰው ወደ መኪናው ውስጥ፣ ምንጣፉ ሥር ነው።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩን በእጅ ፓምፕ ግፊት ስጠውና ጠብቅ፤ ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ግን አትለፍ። የፓምፑ ጌጅ (የግፊት መለኪያው) እየወረደ ውጭም ውስጥም እርጥበት ካጣህ፣ ያኔ ጋርኒሲዮኑን ጠርጥር። እሱም ቢሆን የተቃጠለ ጋዝ በሚለይ ፈሳሽ ይረጋገጣል፦ በቤንዚን ሞተር ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ነጭ ጭስ ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ የጭስ ማውጫው እርጥበት ነው።