ሹፌር የሌላት መኪና እና የውድድሩ ደንብ

ሰሞኑን እዚህ ድሬ ዳዋ ለወጣት ጸሐፍት የተጠራው የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ሳይንሳዊ ልብ ወለድን በደንቡ አግዷል። ለምን ሲባሉ ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ ዘርፉ የፈረንጅ ነው፣ የድሬን ኑሮ አይነካም፣ ግለሰብን ከሥልጣን ጋር ያላትማል ብለው መለሱ።

የድሬን ኑሮ አይነካም? ድሬ እኮ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት! ሀዲዱን ሐረር ተራራ ላይ ማውጣቱ ከባድ ሆነና በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ እዚህ ቆላው ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። ማሽን የሰውን ኑሮ ሲለውጥ ያየ ሕዝብ ቢኖር እኛው ነን።

አሜሪካዊው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲ ሬይ ብራድበሪ በ1951 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «እግረኛው» የሚል አጭር ታሪክ አለ። ጊዜው 2053 ነው። ሁሉም ቤቱን ዘግቶ ቴሌቪዥን ላይ ሲያፈጥ፣ ሊዮናርድ ሚድ የተባለ ደራሲ ብቻውን በእግሩ ይንሸራሸራል። ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት ከተማ የቀረችው አንዲት የፖሊስ መኪና ታስቆመዋለች። ወዴት ነው? ለምን? አየር ልቀበል፣ ልይ ብዬ ነው ይላል። ወደ አእምሮ ሕክምና ማዕከል ልትወስደው ታስገባዋለች። ሹፌር የላትም። ውስጧ ማንም የለም።

ይህን ከድሬ ሰው በላይ ማን ይረዳዋል? ቀን በሙቀት ቤቱ የዋለ ሰው፣ ሲመሻሽ «ከዚራ» ሰፈር ዛፎች ሥር ወጥቶ ያለ አንዳች ጉዳይ መዘዋወሩ ኑሮው ነው። ለዚህም ምክንያት አምጣ የሚል ሥልጣን ነፍሳችንን ነው የሚጠይቀን። ባዶዋን መኪናማ እናውቃታለን። መስኮት ላይ ቆመን «ሲስተሙ አይቀበልም» ስንባል ፊቷ ቆመናል። ክፉ ሹም እንኳ ሽማግሌ ይላክበታል፣ እግሩ ላይ ይወደቃል፣ ልጁ ስትዳር ልቡ ይራራል። ማንም የሌለበትን ሥልጣን ግን ማን ይለምነዋል? ዛሬ ሊጻፍ የሚገባው የእኛ ታሪክ ይህ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ሮኬት ከማስወንጨፍ የማያልፉ ባዶ ታሪኮች አሉ። ባዶ የፍቅር ታሪክም ሞልቷል፤ ፍቅር ግን አልታገደም።

ያላትማል የተባለውስ? ሌላዋ የዘርፉ ደራሲ፣ አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለግዊን፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ታሪክ የአንድ ከተማ ሕዝብ ደስታ ምድር ቤት ተዘግቶ በሚሰቃይ አንድ ሕፃን ላይ ቆሟል። ሁሉም ያውቃል፤ ጥለው የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው። እዚህ የተጠየቀው ማኅበረሰቡ ራሱ ነው። ወጣቶቻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዳያነሡ መከልከል ሥነ ጽሑፍን መጠበቅ አይደለም፣ ማፈን ነው።

ጽሑፍ መቀበያው ገና አልተዘጋም። አዘጋጆቹ ያቺን አንቀጽ ዛሬውኑ ይሰርዟት።