ሁለት ደቂቃ ለካናዳርም?

ዛሬ ልጄን ይዤ ሙዚየም ሄጄ ተቃጥዬ ተመለስኩ። ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የምንኖረው ካናዳ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የ5 ዶላር ኖት ጀርባ ላይ የጠፈር ጣቢያው ሮቦት ክንድ አለ። እሱን ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። አንድ ሙዚየም ውስጥ ከእሱ በፊት የነበረው የመጀመሪያው ክንድ፣ የካናዳርም፣ ሲሙሌተር (ክንዱን እንደነዱ አድርጎ የሚያለማምድ ማሽን) እንዳለ ስትሰማ «እማዬ፣ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለች ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀን ቆጠረች። አርባ ደቂቃ ተሰለፍን። ተራዋ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሰዓት መጣ። ሁለት ደቂቃ።

ሁለት ደቂቃ! ለካናዳርም!

ካናዳርም እኮ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ላይ መብረር የጀመረ፣ 15 ሜትር የሚረዝም ክንድ ነው። ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ አለው፤ በጠቅላላው ስድስት መገጣጠሚያ። የሚነዳው በሁለት እጅ ነው። የግራው መንጃ ዘንግ የክንዱን ጫፍ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንም ይወስደዋል። የቀኙ ያዞረዋል። ጫፉ ላይ ጣት የለም። ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ ነገር ነው፤ ሦስት የሽቦ ገመዶች አሉት። የሚያዘው ሳተላይት ላይ ያለው መያዣ ዘንግ ሲገባላቸው ተጠማዘው ጥርቅም አድርገው ይይዙታል። ጭንቁ መሃል ለመሃል ማስገባቱ ላይ ነው።

ጠፈር ላይ ደግሞ ነገር ቢንሳፈፍም በቀላሉ አይታዘዝም። 11 ቶን ገደማ የሆነው ሃብል ቴሌስኮፕ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ዝም ብሎ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1990 እሱን ከመንኮራኩሩ ያወጣው ይኸው ክንድ ነው። ለዚህ ነው ጭነት ሲይዝ በሰከንድ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ይሄድ የነበረው። በሁለት ደቂቃ ሰባት ሜትር መሆኑ ነው። የራሱን ርዝመት ግማሽ እንኳ አይሞላም!

ልጄ ይህን ታውቃለች። ነካ ታደርጋለች፣ ቆም ትላለች፣ ካሜራውን ታያለች። ከዚያ የግራው ዘንግ ወደፊት አልሄድም አለ። ላልቷል። ከኋላ «ፍጠኚ!» ይሏታል። ሰዓቱ አለቀና «ተልዕኮው አልተሳካም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከእሷ በፊት የነበረው ልጅ ክንዱን እያላተመ ሳተላይቱን ገጭቶ ሲይዝ ግን ጭብጨባ ተለቀቀለት። በልጁ አልፈርድም፤ ማሽኑ ያስተማረው ያንን ነው።

ሠራተኛውን ጠየቅኩት። ትሁት ወጣት ነው። «ሰልፉ እንዲንቀሳቀስ ብለን ነው» አለኝ። ዘንጉስ? «እሱ ከላላ ቆይቷል።»

ሰልፉ ይገባኛል። ታዲያ በቀጠሮ አድርጉት፣ አምስት ደቂቃ ስጡን። የላላውን ዘንግ አጥብቁት። ቢያንስ ቢያንስ ተጠንቅቆ ለሚሠራ ልጅ «አልተሳካም» አትበሉ!

አውቶቡስ ውስጥ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «እማዬ፣ ቀርፋፋ ስለሆንኩ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ልጅ ክንዱን እንደሚገባው የነዳችው እሷ ነበረች እኮ!