መርፌው ሲሻገር የቀረው ጥያቄ

ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኝ አንድ የቆዳ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ መሥራት ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የፊቱ መጨማደድ አሳስቦት ለሚመጣ ሰው ሁሉ አስቀድሜ የምሰጠው መጠይቅ ነው፤ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የነርቭ ወይም የጡንቻ ሕመም እንዳለበት፣ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው የሚያብጥ እንደሆነ ሳይሞላ ሐኪሟ ዘንድ አይገባም። ቦቶክስ የተባለው መርፌ በቅንድቦች መካከል ለሚወጣው መስመር አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን ትእዛዝ አግዶ ጡንቻውን ለሦስት ወይም ለአራት ወር ያላላዋል። የጎደጎደውን የሚሞላው ፊለር ይበልጥ ያስፈራኛል፤ መርፌው ስቶ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ አልፎ አልፎም ዐይን ሊያጠፋ ይችላልና። ስለዚህ ሐኪሟ ሀያሉሮኒክ አሲድ የተባለውን ፊለር የሚያሟሟውን መድኃኒት አጠገቧ ሳታስቀምጥ ሥራ አትጀምርም።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ስሄድ የአክስቴ ልጅ «ዐይኔ ሥር ጎድጉዷል፣ አስሞላዋለሁ» ብላ አንድ የውበት ሳሎን ይዛኝ ሄደች። መርፌውን የምትወጋው የሳሎኑ ልጅ ለስላሳ መጠጥ ከተደረደረበት ፍሪጅ ውስጥ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። ስሙን ብጠይቃት፣ «ከዱባይ የመጣ ነው፣ አይዞሽ እትዬ» አለችኝ። ብልቃጡን ተቀብዬ ባገላብጠው መለያው ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ያሳዘነኝ የልጅቷ ድፍረት ብቻ አልነበረም፤ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ዋጋውን እንጂ ሌላ ነገር አለመጠየቃቸው ነው። አገራችን ሐኪም አጥታ አይደለም፣ በአለርት ሆስፒታል የሠለጠኑ የቆዳ ሐኪሞች አሉ። አሜሪካም ከዚህ ነጻ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሐሰተኛ ቦቶክስ በተለያዩ ግዛቶች መገኘቱን አስጠንቅቋል።

መጨማደድን በጨረር የሚያክመው ሌዘርም የራሱ ጣጣ አለው። ለነጭ ቆዳ የተስተካከለ ጨረር የእኛን ቆዳ ሲያገኝ ቀለሙን ራሱን አቃጥሎ ከመጨማደዱ የባሰ ጥቁር ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል። አለቃዬ ሐኪሟ ጠይም ደንበኞቿን ማድያት እንዳለባቸው ሳትመረምር በሌዘር አትነካም፤ ለሁሉም በቅድሚያ የምታዝዘው ደግሞ ሰንስክሪን፣ ማለትም የጸሐይ መከላከያ ቅባት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ቆዳን የሚያስረጀው የጸሐይ ጨረር እጅግ ብርቱ ሆኖ ሳለ፣ «ጥቁር ቆዳ ጸሐይ አይጎዳውም» የሚለው አባባል እስካሁን አልጠፋም። እናቴ ግን ሰባ ዓመት ካለፋት ወዲህም ገበያ ስትወጣ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ጃንጥላዋን ትዘረጋለች፤ የጉንጯን ልስላሴ ባየሁ ቁጥር የአለቃዬ ምክር ትዝ ይለኛል።

የአክስቴን ልጅ በግድ መመለስ አልቻልሁም። በወረቀት ላይ አራት ጥያቄዎች ጽፌ ሰጠኋት፤ የመድኃኒቱ ስም ምንድን ነው? ጊዜው የሚያልፈው መቼ ነው? የምትወጊው የት ተምረሽ ነው? የደም ሥር ቢዘጋ በእጅሽ ምን አለ? ሁለት ሳምንት ቆይታ ስትደውልልኝ፣ አራተኛውን ስትጠይቃት ልጅቷ ዝም ብላ መርፌዋን ወደ ሳጥኑ እንደመለሰች ነገረችኝ።