ማርሽ የሌለው ሳይክል ምን በደለ?

ሰሞኑን እዚህ ድሬዳዋ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ስለ ብስክሌት መንገድ ውይይት ነበር። እኔም ተገኝቼ ነበር። መድረክ ላይ ከተቀመጡት ኃላፊዎች አንዱ ማይኩን ተቀብለው እንዲህ አሉ፦ «እነዚህ ማርሽ የሌላቸው አሮጌ ሳይክሎች ለድሬ ሙቀት አይሆኑም። የከተማዋንም ገጽታ አይመጥኑም። ነዋሪውን ማርሽ ወዳላቸው ዘመናዊ ብስክሌቶች ማሸጋገር አለብን።» ተጨበጨበ። እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። የእኔ ሳይክል በዚያች ሰዓት ከአጥሩ ውጭ ኒም ዛፍ ላይ ታስሮ ነበር። ጥበቃው «ሳይክል አይገባም» ብሎኛል። ሞተር ሳይክሎቹ ግን ግቢው ውስጥ ጥላ ይዘው ቆመዋል።

ይህ ንግግር ሦስት ቀን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም። ስለዚህ መልስ ይኑረው።

ከሙቀቱ ልጀምር። አቦ፣ ማርሽና ሙቀትን ምን አገናኛቸው? ማርሽ ዳገት ያቀላል፤ ፀሐይ አይጋርድም። ባለ 21 ማርሽ የሚነዳውንም ባለ አንዱን የሚነዳውንም የምትመታው ያችው የድሬ ፀሐይ ናት። ሙቀት ሳይክል መንዳት ይከለክላል ካሉ ጠባቸው ከሳይክል ሁሉ ጋር ነው። ታዲያ መንገዱን ለማን ሊሠሩት ነው?

እስቲ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲነካ፣ በዚህ ከተማ ከሁሉ የሚቃጠለው ማን እንደሆነ እንይ። አስፋልት ዳር ቆሞ ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ነው። ከእሱ ቀጥሎ በእግሩ የሚሄደው ነው። ሳይክል ላይ ያለ ሰው ግን ነፋሱን ራሱ ይሠራል። እስኪቆም ድረስ ላቡ ፊቱ ላይ ይደርቃል። በእግር ለመሄድ በምናወጣው ጉልበት ሦስት እጥፍ ያህል መንገድ በሳይክል እንሄዳለን፤ ፀሐይ ላይ የምንቆይበት ጊዜም በዚያው ልክ ያጥራል። ደግሞ የድሬ ሰው ሙቀትን እንዴት እንደሚኖርበት ማን ያስተምረዋል? ማልዶ ይወጣል። እኩለ ቀን ላይ ይከተታል። ፀሐይ ስታዘነብል እንደገና ይወጣል። ሳይክሉም አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይገባል።

ማርሽ የተሠራው ለዳገት ነው ካልን ደግሞ የድሬ ዳገት የታለ? ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ተራራ እንዳትጠሩብኝ። ደንገጎን በአንድ ማርሽ ልውጣ የሚል ሰው የለም፣ ይህን አምናለሁ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። ግን ዳቦ ለመግዛት ደንገጎን የሚወጣ ማነው? የእኔ ቀን ከሳቢያን ሰፈር ይነሳል፣ ከዚራ ይውላል፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ይገባል፣ በቀፊራ ገበያ አድርጎ ይመለሳል። እዚህ መስመር ላይ ከኮርቻዬ ብድግ የምልበት ቦታ አንድ ሁለት ብቻ ነው።

ኧረ ይህች ከተማ የተወለደችውም ሜዳ በመሆኗ ነው! ባቡሩ ከጅቡቲ ሲመጣ ሐረር መግባት ነበረበት። ተራራው ወጪውን የማይቻል አደረገው። ሐዲዱ ዳገቱን ትቶ በቆላው ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰና ጣቢያው ዙሪያ ከተማ በቀለ። ከዚራን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ሰፋፊ፣ በዛፍ የተጠለሉ ናቸው። ባቡር እንኳ ዳገት የለም ብሎ የመረጠውን ቦታ ለሳይክል ዳገት ነው ማለት ምን ይባላል?

ቁጥር የሚወድ ካለ ይኸው። የእኔ ሳይክል ካቴናው የሚዞርበት የፊት ክብ 44 ጥርስ አለው፤ የኋላው 18። ጎማው ባለ 28 ኢንች ነው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ስረግጥ በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 60 ማለት በሰከንድ አንድ ጊዜ ነው፤ ጨዋታ እያወሩ የሚረግጡት ነው። ከሳቢያን ከዚራ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም። የቀሩት 20 ማርሾች ምን ይጨምሩልኛል?

አሁን ዋናው ነገሬ ጋ ደረስኩ። አሸዋ!

በዚያ አዳራሽ ውስጥ አሸዋን ያነሳ አንድ ሰው አልነበረም። ድሬዳዋ ላይ ስለ ሳይክል ተወርቶ አሸዋ ካልተነሳ ስለ ሌላ ከተማ ነው የተወራው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናብ ተራራው ላይ ሲጥል ይሞላል፤ ሲጎድል ደለሉን ትቶ ይሄዳል። ንፋስ ሲነሳ ያ ደለል መንገድ ላይ ነው፣ በረንዳ ላይ ነው፣ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ነው። ሳይክል ላይ ደግሞ ካቴናው ውስጥ ይገባል። አሸዋ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። በዞረ ቁጥር ብረት ይበላል።

ባለ ማርሽ ሳይክል ኋላ ላይ ምን እንዳለ አይታችኋል? ስድስት ሰባት ባለ ጥርስ ክቦች ተደራርበዋል። ከሥራቸው ካቴናውን የሚወጥሩ ሁለት ትናንሽ መዘውሮች ተንጠልጥለዋል። እነሱን የሚጎትት ስፕሪንግ አለ። ከመሪው ጀምሮ የሚመጣ ቀጭን ገመድ አለ። ካቴናው ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው እንዲዘል ቀጭን ሆኖ የተሠራ ነው፤ ብዙ ጊዜም አግድም ተጣሞ ይሄዳል። አሸዋ የሚገባበት ቀዳዳ ስንት ሆነ? ሳይክሉ በዚያ በኩል አንድ ጊዜ ከወደቀ የመዘውሮቹ መያዣ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ማርሹ ልክ አይገባም። ፎኒክስ የሚባለው የእኔ ሳይክል ኋላው ላይ ያለው አንድ ክብ ብቻ ነው። ካቴናው ወፍራም ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፍሬኑ ሳይቀር ገመድ የለውም፤ በብረት ዘንግ ነው የሚይዘው። በወር አንዴ ካቴናውን በላምባ አጥባለሁ፣ ጨርቅ አደርግበታለሁ፣ ዘይት ጠብ አደርግለታለሁ። ሲላላ የኋላውን ብሎን ፈትቼ ጎማውን ወደ ኋላ እስባለሁ፣ መልሼ አጠብቃለሁ። አለቀ። ለዚህ የሚያስፈልገኝ አንድ ቁልፍ ነው።

የጎረቤቴን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። አባቱ አምና የሚያብረቀርቅ ባለ ማርሽ ገዛለት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከበበው። ሁለት ወር ሳይሞላው ማርሹ መዝለል ጀመረ። በሦስተኛው ወር ግድግዳ ተደግፎ የነበረው ሳይክል ወደቀና መያዣው ታጠፈ። ከልጁ ጋር ሆነን ደንበኛዬ የሆኑ አንድ አዛውንት ሠሪ ዘንድ ወሰድነው። ዛፍ ሥር ነው የሚሠሩት። ያላቸው አንድ ሳጥን መፍቻ፣ አንድ ሳህን ውሃ፣ ማስቲሽና የከመነዳሪ ቁራጭ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ማርሽ ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አሸዋ በልቶታል» አሉ። «ዕቃውን አምጡልኝና ልግጠመው።»

ዕቃው እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ተፈለገ፣ የለም። አሽዋ የሚባለው ገበያ ተፈለገ፣ የለም። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ተላከ። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ተሻግሮ የመጣው ዕቃ ልኩ አልሆነም። ሳይክሉ ቤት ውስጥ ስንት ሳምንት ተኛ፤ ልጁ በእግሩ ትምህርት ቤት ተመላለሰ። በመጨረሻ ሰውየው ሰለቻቸው መሰለኝ፣ «ተወው፣ ስጠኝ» አሉት። መዘውሩን ፈቱ፣ ገመዱን ቆርጠው ጣሉ፣ ካቴናውን አሳጠሩና መሀል ላይ ካሉት ክቦች በአንዱ ላይ አሰሩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ያ ልጅ ዛሬም በእሱ ነው የሚማረው። ዘመናዊው ብስክሌት ድሬን ኖሮባት ኖሮባት መጨረሻው እንደ እኔ ሳይክል መሆን ነው።

እንግዲህ «ነዋሪውን እናሸጋግር» ሲሉ ወዴት ነው የሚያሸጋግሩን? ዛፍ ሥር ከሚጠገን ዕቃ ወደማይጠገን ዕቃ ነው። ጎማዬ ሲተነፍስ በአካባቢው ያለ ማንም ጎሚስታ ከመነዳሪውን አውጥቶ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ለጥፎ፣ በፖምፓ ሞልቶ ይሰጠኛል። የቡና ዋጋ ነው። ይህን ሙያ የሚያውቁ ሰዎች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል። ሽግግር የሚባለው ነገር የእነሱንም እንጀራ ይዞ ነው የሚሄደው። ይህን ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ቢያስብበት ኖሮ ማይክ ይዞ እንዲህ አይናገርም ነበር።

ገጽታ ወደተባለው ልምጣ። ይህች ቃል በጣም ታናድደኛለች። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሱሪውን በልብስ መቆንጠጫ ይይዝና ማርሽ በሌለው ሳይክሉ ወደ ጣቢያው ይሄዳል። ጓደኞቹም እንዲሁ። ሲመለስ የኋላው መጫኛ ላይ ሐብሐብ፣ መሪው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሙሸበክ የሚባል ጣፋጭ አለ። የድሬ ገጽታ ለእኔ ይህ ነው። ዛሬም ማለዳ ዳቦ የሚያደርሱት፣ ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጭነው የሚመላለሱት፣ ወደ ፋብሪካ የሚሄዱት በእነዚህ ሳይክሎች ነው። ሳይክሉ አያምርም ሲባል እየተባለ ያለው ሰዎቹ አያምሩም ነው። ሌላ ትርጉም አላገኘሁለትም።

ዘመናዊነት የፈረንጅ ምስክር የሚፈልግ ከሆነም አለ። ኔዘርላንድ ውስጥ ያለው የብስክሌት ብዛት ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። ብዙዎቹ ለከተማ የሚነዷቸው ጥቁር፣ ከባድ፣ ማርሽ የሌላቸው፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚቆሙ ሳይክሎች ናቸው። ሥራ አስኪያጁም በእሱ ነው፣ ተማሪዋም በእሱ ናት። አገራቸው ሜዳ ስለሆነ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሱን እኮ ነው የምላችሁ! እኛም ሜዳ ነን።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ነዳጅ መቀነስ ተፈልጎ ነው። ታዲያ ነዳጅ የማይጠጣ፣ ኤሌክትሪክ የማይጠይቅ፣ ዛፍ ሥር የሚጠገን መጓጓዣ እጃችን ላይ እያለ ማንቋሸሹ ከየት መጣ? ባጃጅ አልጠላም። ሕመምተኛ ይጭናል፣ ነፍሰ ጡር ይጭናል፣ እናቴም በእሱ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው። እጅና እግሩ ደህና የሆነ ሰው ግን ለሦስት ኪሎ ሜትር መንገድ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ኪሱን የሚያራግፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ለሳይክል ነጂው በእውነት የሚያስብ ካለ ማርሽ አያምጣልን። ብስክሌት መንገዱን ከዝናብ በኋላ ይጥረግልን፤ ጎማ የሚያንሸራትተው ደለሉ ነው። ቀፊራ በር ላይ ሳይክል የምናስርበት ብረት ይትከልልን፤ እኔ ገበያ ስገባ አንድ ዓይኔ ሽንኩርቱ ላይ ነው፣ አንዱ ሳይክሉ ላይ። ከዚራ ላይ ያሉት ዛፎች ሳቢያን ድረስ ይቀጥሉልን። ያን ጊዜ ስለ ሙቀት እናወራለን።

ለእኚያ ኃላፊም አንድ ግብዣ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳቢያን እንገናኝ። የሚወዱትን ባለ ማርሽ ይዘው ይምጡ፤ እኔ ፎኒክሴን ይዤ እመጣለሁ። ቀፊራ እንግባ፣ አስር ኪሎ ድንችና አምስት ኪሎ ሽንኩርት እንጫን፣ በደቻቱ በኩል ዞረን እንመለስ። ከተመለስን በኋላ ቁርስ በእኔ ነው፣ ፈጢራ በማር። መንገድ ላይ የሳይክልዎ ማርሽ ከዘለለም አይጨነቁ። ሠሪው ዛፍ ሥር አሉ፤ ቅዳሜም ይሠራሉ።